130,000 ለ7 አይካፈልም

ይህን የምጽፈው ክስ ላይ ሆናችሁ "በስምምነት እንጨርስ" ለተባላችሁ ሰዎች ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት አለኝ። ደሴ ላይ ሕንፃ ለሚያሠራ ሰው በርና መስኮት ሠርቼ 150,000 ብር ቀረብኝ። ደወልኩ፣ በመካከላችን ያለውን የሐረጎን ዳገት ስንቴ ወጣሁ ወረድኩ፣ ሽማግሌ ላክሁ፣ በመጨረሻ ከሰስኩ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ በጠበቃው በኩል "130,000 ብር በ7 ጊዜ፣ በየሁለት ወሩ ልክፈል" አለ። 20,000 መተው አንገበገበኝ፤ ግን ክርክሩ ከሚጎተት ብዬ እሺ አልኩ። በዚህ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

ውሉን የሚጽፍልን ሰው ስልኩን አውጥቶ 130,000ን ለ7 አካፈለ። 18,571 ብር ከ43 ሳንቲም ገደማ ወጣ። "ሳንቲሙ ምን ያደርጋል፣ 18,500 እንበለው" አለ። ደክሞኝ ነበር፣ ፈረምኩ። እኔ እኮ 6 ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) በ1.50 ስቆርጠው ልክ 4 እንደሚወጣው፣ በ1.40 ከቆረጥኩት ግን 40 ሳንቲሜትር ቁራጭ እንደሚተርፍ ሳልለካ የማውቅ ሰው ነኝ። ለብረት ያሰብኩትን ለገንዘቤ አላሰብኩም። 7 የ130 አካፋይ አይደለም። 5 ነው፣ 10 ነው፣ 13ም ነው። በ5 ቢሆን 26,000፣ በ10 ቢሆን 13,000፣ ምንም አይተርፍም። የግድ 7 ይሁን ካለ ደግሞ 126,000 ብለን በየጊዜው 18,000 ማድረግ ነበረብን። ሌላ 4,000 ብር መተው ያማል፣ ግን እኔ ከዚያ የበለጠ ነው የከሰርኩት።

ኅዳርና ጥር ከፈለ። መጋቢት ላይ ጠፋ። ለካ ለሌላ ሰው በየሦስት ወሩ የሚከፍለው ዕዳ አለበት፣ ያም እንደኔው ከመስከረም የሚቆጠር። የ2 እና የ3 ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ነው፤ በስድስተኛው ወር ሁለታችንም ደጁ ላይ ቆምን። "ሌላ ዕዳ አለብህ ወይ?" ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ይህን መስከረም ላይ በጣቴ ቆጥሬ እደርስበት ነበር።

ፍርድ ቤቱ ያጸደቀውን ስምምነት በግድ እንዲያስፈጽምልኝ የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትኩ። የነደድኩት እዚያ ነው። መዝገቡን የያዘው ሠራተኛ "የቀረህ ስንት ነው?" አለኝ። ከ130,000 ላይ የተከፈለው 37,000 ሲነሳ 93,000። 5 ጊዜ 18,500 ግን 92,500። የሰውየው ጠበቃ ይህችን ሲያይ "ውሉ ራሱ ግልጽ አይደለም" ብሎ ተቃወመ። ለ500 ብር ሦስት ቀጠሮ! ሦስቴ ሥራ ቤቴን ዘግቼ ኮሪደር ላይ ዋልኩ። "500 ብሩን ትቼዋለሁ" ስል "በቃል አይሆንም፣ በጽሑፍ አምጣ"፤ ጽፌ ስሄድ "ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ አይሆንም"። ይህን መጀመሪያውኑ አንድ ላይ መንገር ምን ይከብዳል?

አንድ ነገር ብቻ በደንብ አድርጌያለሁ። ስምምነቱን ስናቀርብ "ከተስማማችሁ ክሱን አንሱና ሂዱ" ያሉን ነበሩ። እምቢ አልኩ። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ስለ ስምምነት ይናገራል፤ ማንም ምንም ቢላችሁ ፍርድ ቤቱ መዝግቦ ያጽድቀው። ዝም ብዬ ክሱን አንስቼ ቢሆን ኖሮ መጋቢት ላይ በውሉ አዲስ ክስ ልጀምር ነበር።

ሐምሌ ላይ እንደገና ተቀመጥን። 93 የ3 ብዜት ነው፤ 3 ጊዜ 31,000። ለዚያኛው ሰው የሚከፍልባቸውን ወራት እንዲነግረኝ ጠየቅኩት፤ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢት። የእኛን ነሐሴ፣ ጥቅምትና ጥር አደረግን። ድምሩንም እያንዳንዱን ክፍያም በአኃዝና በፊደል አስጻፍኩ፤ ከመፈረሜ በፊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሁለቴ ደመርኩት። የጥር ወሩ 31,000 ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሞ ገባ።