ከውጭ ለመጣ ጓደኛ ቡና ማፍላት፦ እስካሁን የደረስንበት

ከውጭ የተመለሰ ጓደኛን ቤት ጠርቶ ቡና ማፍላት ቀላል ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ይኼ ነው፦ እንግዳው ሶፋ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ አሥር ሰው በአንድ አፍ «አገሩ እንዴት ነው?» ይለዋል፣ «ደህና ነው» ብሎ ይመልሳል፣ ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ጨዋታው ሳይደምቅ ይመሻል። ባለፈው ማስታወሻ ያነሣነው ፎቶ አመራረጥን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ የታየው ሲሰበሰብ ቅደም ተከተሉ ራሱ መለወጥ እንዳለበት ገባን።

ከሁሉ በፊት የሚጣራው መርዶ ነው። ሰውየው በሌለበት የሞተበት ዘመድ ካለና ቤተሰቡ ካልነገረው፣ ቡናው መርዶው እስኪነገር ይቆያል። መርዶ ማለዳ፣ በዘመድና በሽማግሌ፣ ወገን ተሰብስቦ የሚነገር ነገር ነው፤ ከቆሎና ከሳቅ መሀል ሊወድቅ አይገባም። ስህተቱ የሚመጣው ከክፋት አይደለም። አንዱ ተነግሮታል ብሎ ያስብና ገና ሲስመው «እግዜር ያጥናህ» ይላል። መፍትሔው ከጠሪዎቹ አንድ ሰው ብቻ ቀደም ብሎ ለቤተሰቡ ታላቅ እንዲደውል ማድረግ ነው። ጥያቄውም ቀጥተኛ ይሁን፦ «ያልተነገረው ነገር አለ ወይ?» መልሱ ለተጠሩት ሁሉ ከመምጣታቸው በፊት ይድረስ። ሁለት ሦስት ሰው ከደወለ ወሬው ተዘዋውሮ እንግዳው ጆሮ ይገባል።

ከዚሁ ጋር አንድ ወረቀት ይዘጋጅለት። ልቅሶ ያልደረሰባቸው ቤቶች ከላይ ይጻፋሉ፤ ተዝካሩ ወይም ሙት ዓመቱ ያልወጣ ካለ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል። ቀጥሎ አራስ የሚጠየቅባቸው፣ መጨረሻ ሰርግ ያመለጠባቸው። ከሁሉ ዝግጅት እንግዶች በጣም የሚያመሰግኑት ይኼን ወረቀት ነው። ያለ እሱ መንገድ ላይ የሚያገኟትን ሴት ስለ ባሏ ይጠይቃሉ፣ ባሏ ደግሞ ካረፈ ዓመት ሆኖታል።

ሰዓት መምረጥ። የሰዓት ልዩነት ድካም እንደየአገሩ ስለሚለያይ ለሁሉም አንድ ሰዓት መቅጠር አይሠራም። ከዋሽንግተን ለመጣ ሰው የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ የጠዋት ቡና ለእሱ የእኩለ ሌሊት ቡና ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲሆን ግን እዚያ ገና ነግቷል፣ ሰውየውም ይነቃል። ከቻይና ለመጣች ይገለበጣል። የእኛ ምሽት 12 ሰዓት ለእሷ ከምሽቱ 5 ሰዓት ስለሆነ ጠዋት 4 ሰዓት መጥራት ይሻላል። ከጅዳና ከሪያድ ምንም ልዩነት የለም፣ ከዱባይ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከእነዚህ ለሚመጡት የሚያስፈልገው ሌሊት የበረሩበትን እንቅልፍ መተኛት ነው። ሰውነት በግምት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ከአሜሪካ ለመጣ ሳምንት ያህል መታገሥ ነው።

ቦሌ ሄዶ መቀበል ላይ የሚደጋገም አንድ ስህተት አለ። ትኬቱ «ማክሰኞ 01:15» ካለ ያ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15 ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ብሎ የያዘ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቶ ይደርሳል። «ማክሰኞ 1 ሰዓት» ብሎ የያዘ ደግሞ ጠዋት ሄዶ ባዶ በር ያገኛል። ለሹፌሩ ሲነገር ሁለቱም የቀን ስሞች ይጠሩ፦ «ሰኞ ለማክሰኞ»። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ቀን ጠይቆ፣ በሌሊት ከመንዳት አዲስ አበባ አድሮ ሲነጋ መውጣት።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዱባይና ጅዳ የባሕር ዳር ከተሞች ናቸው። ከዚያ በቀጥታ የመጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይለቃል። በመጀመሪያው ማታ አረቄ አይቀዳለት፣ የቱንም ያህል የደብረ ብርሃን አረቄ ናፍቆት ቢሆን፤ ውሃ በብዛት ይጠጣ። ወደ ጣርማበር ወይም ወደ መንዝ የሚቀጥል ከሆነ አንድ ሌሊት እዚህ ይደር። ራስ ምታቱ ከማስታወክ ጋር ከሆነ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ጤና ጣቢያ ነው፣ ቡና አይደለም። በውርጩ ወራት ደግሞ ጋቢ ወይም የመንዝ ባና አጠገቡ ይቀመጥ፤ በስስ ሸሚዝ የመጣ ሰው «በረደኝ» ለማለት ያፍራል።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው የከሰሉን ነገር ነው። ብርዱን ፈርቶ መስኮት ዘግቶ ሁለት ሰዓት ከሰል ፊት መቀመጥ በዞናችን የተለመደ ነው። የከሰል መርዛማ ጋዝ አይሸትም፣ ጭሱ ካለቀ በኋላም ፍሙ ማመንጨቱን አያቆምም። እንግዳው ራሱን ሲያመው ሁሉም «መንገዱ ነው፣ ከፍታው ነው» ይላል። ከሰሉ ውጭ ይያያዝ፣ ሲገባም መስኮትና በር ገርበብ ይበሉ። ከእንግዳው ጋር ሌላም ሰው ራሱን ካመመው ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ።

ቡናው ራሱ። ለ10 ስኒ ከአንድ ስኒ ትንሽ ከፍ ያለ ጥሬ ቡና ይበቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ መካከለኛ እሳት ላይ ሳያቋርጡ እያገላበጡ 10 ደቂቃ ገደማ ይቆላል። እሳቱ ከበረታ ላዩ ይከስላል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ያ ቡና በአንድ ጊዜ ይመርራልም ይጎመዝዛልም። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ጀበናው ተንተከተከ ማለት ቆላ አገር የተንተከተከውን ያህል ሞቀ ማለት አይደለም። ዱቄቱ ከገባ በኋላ በቀስታ እሳት ትንሽ ይቆይ፤ ስኒዎቹም በሙቅ ውሃ ይለቅለቁ፣ አለበለዚያ አቦሉ ከንፈር ሳይደርስ ይቀዘቅዛል። ሲገነፍል ትንሽ ቀድቶ መመለስ። ከወረደ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይስከን። አተላ የሚቀዳው ወይ ዱቄቱ በጣም ስለላመ ነው፣ ወይ ጀበናው በየስኒው መሀል ቀጥ እየተደረገ ስለተናወጠ ነው። ቁርሱ የሰነፍ ገብስ ቆሎ ከሆነ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል፤ ዳቦ ላይ ቅቤ ከመቀባት በፊት ረቡዕና ዓርብ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው።

ሦስቱ ስኒ ለጨዋታው ጥሩ መለኪያ ሆነዋል። አቦል ላይ ስለ ጉዞው አይጠየቅም፤ እንግዳው የአገሩን ወሬ ይስማ። ማን ቤት ሠራ፣ የማን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ዕድሩ መዋጮውን ስንት አደረገ። የጤፍ፣ የዘይት፣ የባጃጅና የቤት ኪራይ ዋጋም እዚህ ይነገረው። በተለይ ከሐምሌ 2016 በፊት የወጣ ሰው ዶላርን በ57 ብር ገደማ ነው የሚያስታውሰው። ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የመጣውን ሳያውቅ ለዘመድ «ይኼን ያህል እሰጣለሁ» ብሎ ቃል ከገባ ኋላ ይቸገራል።

ቶና የጉዞው ነው። ሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ አያመጣም። «ሥራ ስንት ሰዓት ትገባለህ? በምን ትሄዳለህ? እንጀራው በምን ዱቄት ይጋገራል? ውሃ ከቧንቧ ነው የምትጠጡት? ቤተ ክርስቲያን ስንት ሰዓት መንገድ ነው?» ሲባል ሰው እጁን እያወናጨፈ ማውራት ይጀምራል። ደመወዝ አይጠየቅ፣ «ምን አመጣህልን» አይባል። ከዓረብ አገር ከቤት ሥራ ለተመለሰች እህት ስለ አሠሪዎቿ በሰው ፊት ጥያቄ አይነሣ። እሷ ከጀመረችው ዝም ብሎ መስማት፣ ካልጀመረችው በረካ ላይ አጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት የቅርብ ጓደኛ ትበቃታለች።

ፎቶ ቢበዛ 25፣ ቀድሞ የተመረጠ። የፎቅ ፎቶ ሁሉም አይቶታል፤ የሚፈለገው የመኝታ ክፍሉ፣ ወጥ ቤቱ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው ነው። በፍላሽ ቲቪ ላይ ለማሳየት ከታሰበ የአይፎን ፎቶ ብዙ ቲቪ ላይ ስለማይከፈት ከቀኑ በፊት ወደ ጄፔግ ይለወጥ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል ካልሆነ ጥራቱ ይወርዳል።

ገና ያልተስተካከለልን እዚያው የቀሩትን ጓደኞች በስልክ ማስገባቱ ነው። ለስሌቱ ቀላል መንገድ ተገኝቷል፦ የእነሱ ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ስንት እንደሚል ለማወቅ፣ በእኛ አቆጣጠር ካለው ቁጥር ላይ ለዋሽንግተን 2 መቀነስ፣ በበጋቸው 1። ለጀርመን 4 መደመር፣ በበጋቸው 5። ለሳዑዲ 6፣ ለዱባይ 7 መደመር፤ ከ12 ካለፈ 12 ማንሣት። የእኛ 10 ሰዓት ዋሽንግተን በክረምታቸው 8 ይሆናል፣ ዱባይ 5። ሰዓታቸውን የሚቀይሩበት ቀን ግን ያሳስታል። አሜሪካ በእኛ መጋቢት መግቢያ ላይ ይቀይራል፣ አውሮፓ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፤ በመሀሉ ያለው ቀጠሮ ይፋለሳል። እሑድ በሳዑዲ የሥራ ቀን ስለሆነ ለሁሉም ቅዳሜ ይሻላል። ቀጣዩ ሙከራ ቅዳሜ 10 ሰዓት፣ ቶና ሲቀዳ፣ ስልኩ ከረከቦቱ ራቅ ብሎ፦ የስኒ ኳኳታ ማይክሮፎኑን ስለሚሞላው ባለፉት ጥሪዎች ወዲያ ያለው ሰው ምንም አልሰማም።