የ2023ቱን የሴቶች የቼዝ ዓለም ሻምፒዮና በተጫዋቾቹ ሰዓት ማጥናት

የጁ ዌንጁንና የሌይ ቲንግጂየን ግጥሚያ ያጠናሁት የቼዝ ሞተሩን (እርምጃዎችን የሚመዝነውን የኮምፒውተር ፕሮግራም) ዘግቼ፣ የተጫዋቾቹን ሰዓት እያየሁ ነው። 12 ጨዋታ ነው፤ ስድስቱ ሻንጋይ፣ ስድስቱ ቾንግቺንግ። ሌይ አምስተኛውን ወሰደች፣ ጁ በስምንተኛው ነጥቡን እኩል አደረገች፣ አሥራ ሁለተኛውንም አሸንፋ 6.5 ለ5.5 ጨረሰችው። የቀሩት ዘጠኙ አቻ ናቸው።

በመጀመሪያ ቀሪ ሰዓት የተመዘገበበት የፒጂኤን ፋይል (የቼዝ ጨዋታ የሚመዘገብበት የጽሑፍ ፋይል) ያስፈልጋል። እርምጃዎቹን ብቻ የያዘ ፋይል ለዚህ ሥራ አይረባም። እያንዳንዷ ተጫዋች ለ40 እርምጃ 90 ደቂቃ አላት፤ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮም በየእርምጃው 30 ሰከንድ ይጨመርላታል። ይህ በጠቅላላ 110 ደቂቃ ነው፣ ለአንድ እርምጃ በአማካይ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ማለት ነው። እኔም የእነሱን ቀጣይ እርምጃ አንድ በአንድ ስለምገምት፣ ለእያንዳንዱ ግምት ለራሴ የሰጠሁት ጊዜ 3 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያሰበ ሰው ራሱን ከእነሱ ጋር ማወዳደር አይችልም።

የጀመርኩት ከአሥራ ሁለተኛው ጨዋታ ነው። ጁ በነጭ ወታደሯን ወደ ዲ4፣ ፈረሷን ወደ ኤፍ3፣ ከዚያ ወታደር ወደ ኢ3 አንቀሳቅሳ የኮሌን አከፋፈት መረጠች። ዋንጫ በሚወሰንበት ቀን እንዲህ ያለ ጸጥተኛ አከፋፈት መምረጧ ድፍረት ነው ባይ ነኝ። ለአጥኚም ይመቻል፤ የሚሸመደደው ትንሽ ስለሆነ ከስምንተኛው እርምጃ ጀምሮ መገመት ይቻላል። በሌሎቹ ጨዋታዎች ግን ከ12ኛው በፊት መገመት የማስታወስ ፈተና ብቻ ይሆናል።

አሠራሩ ይህ ነው፦ እውነተኛ ሰሌዳ መደርደር፣ ቀጣዩን እርምጃ በወረቀት መሸፈን፣ የራስን ግምትና ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ፣ ከዚያ መግለጥ። ምክንያቱ ካልተጻፈ “እኔም አስቤው ነበር” ማለት ይቀላል፤ ጥናቱ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ከግምቱ ጎን ተጫዋቿ የፈጀችውን ጊዜ እጽፋለሁ። ከቀደመው ቀሪ ሰዓቷ የአሁኑን ቀንሶ 30 ሰከንድ መደመር ነው። 41፡10 የነበረው 38፡05 ቢሆን የፈጀችው 3፡05 ሳይሆን 3፡35 ነው። ከ40ኛው እርምጃ በኋላ 30 ደቂቃ ስለሚጨመር ስሌቱ በድንገት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ እዚያ መስመር ላይ የተጨመረውን 30 ደቂቃ ደምሮ ማስላት ያስፈልጋል።

ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ሞተር የምከፍተው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ እነሱ ከ8 ደቂቃ በላይ ባሰቡባቸውና እኔ በሰከንዶች ባለፍኳቸው ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። አስቀድሞ ከተከፈተ ዓይን ከሰሌዳው ወደ ቁጥሩ ይሄዳል፤ ሞተሩ ለቦታው የሚሰጠው 0.4 የሚል ነጥብ ደግሞ ፈረሱ ለምን እንደተመለሰ አይናገርም። ስህተቶቼን በሦስት እለያቸዋለሁ፦ እርምጃው ጨርሶ ያልታየኝ፣ ታይቶኝ የፈራሁት፣ አስልቼው መጨረሻውን በተሳሳተ መንገድ የመዘንኩት። የመጀመሪያው ዓይነት በታክቲክ ልምምድ ይሻሻላል። ሦስተኛው ግን የፍጻሜ ጨዋታ ጥናት ይጠይቃል፣ በተለይ የሩክ (የግንቡ ጠጠር)።

አቻዎቹን አንድ በአንድ መሥራት ግዴታ አይደለም። የሁለቱንም ሰዓት አይቼ ብዙ የታሰበባቸውን ሁለት ሦስት መምረጥ በቂ ሆኖልኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጁ፣ ታን ጆንግዪን 6.5 ለ2.5 የረታችበት የ2025ቱ ግጥሚያ ነው፤ እዚያ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው አራቱንም በተከታታይ ስላሸነፈች የምገምተው በተሸናፊዋ በታን በኩል ሆኜ ነው።