ከክፍል 14 የወጣሁበት ጠዋት

ባለፈው እሁድ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ዲቪ ደርሶት ቃለ መጠይቁን አልፏል። ደስታው በስልክ ይሰማል። ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀኝ፣ ስለ ሥራ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ጥቁሮቹ ግን አደገኞች ናቸው አሉ። እንዴት ነው የምትርቂያቸው?» አለኝ።

ወዲያው መመለስ አቃተኝ። የዛሬ 9 ዓመት ቦሌ ላይ ሲሸኙኝ የተሰጠኝም ምክር ይኸው ነበር። «ከጥቁሮቹ ራቂ።» እኛስ ምንድን ነን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ በገባሁ በ3ኛው ሳምንት ነው። ቁርስ ይዤ ክፍል 14 ገባሁ። አልጋው ላይ ያሉት ሴትዮ 80ን ተሻግረዋል። እንደ አያቴ አይቻቸው ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ትሪውን አዩ፣ እጄን አዩ። አንሶላውን እስከ አገጫቸው ስበው «ይቺን አውጡልኝ! ጥቁር እንዲነካኝ አልፈልግም!» ብለው ጮኹ። አጃው እየቀዘቀዘ ትሪውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የባሰብኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሱፐርቫይዘሯ ፈገግ ብላ መጣች። እዚህ አገር ሲከፋም ፈገግ ይባላል፣ «እንዴት ነሽ» ተብሎም መልሱ አይጠበቅም። «ችግር የለም፣ ክፍል 20 እንቀይርሻለን» አለችኝ። በማግስቱ በየጠዋቱ በሚታደለን የምድብ ወረቀት ላይ፣ ከ14 ጎን፣ ጥቁር ሠራተኛ እንዳይገባ የሚል ማስታወሻ ተጽፎ አየሁ። ይሉኝታችን ይታወቃል። «ይሁን» ብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በሆዴ ግን «እኔኮ ሐበሻ ነኝ፤ እነሱን መስያቸው ነው» እል ነበር። ዛሬ ከሴትዮዋ ጩኸት ይልቅ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ሐሳቤ ነው።

እዚያ ቤት 20 ዓመት የሠራች አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በምሳ ሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ አላውቅም። የምበላው ከሐበሾቹ ጋር ጥግ ይዤ ነበር። እሷ ናት መጥታ «ወረቀቱን አይተሻል?» ያለችኝ። ከቦርሳዋ ባለ ሽቦ ትንሽ ደብተር አወጣች። «ስሜትሽን ለእግዚአብሔር ንገሪ። ለአለቃ የሚነገረው ቀንና ሰዓት ነው» አለችኝ።

ቀን፣ ሰዓት፣ የክፍል ቁጥር፣ ማን ምን አለ፣ ማን ሰማ። መጻፍ ጀመርን። በዚያ ላይ ነጮቹን ባልደረቦቻችንን የት ክፍል ምን እንደገጠማቸው እየጠየቅን እንመዘግብ ነበር። ይህ ለምን እንደሚጠቅም አልገባኝም። «ሌላ ምክንያት ካለው ከነሱ በፊት እኛ እንወቀው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክፍል 9 ያሉት ሰውዬ ሲያባርሩኝ በቆዳዬ ነው ብዬ እምል ነበር። ለካ ሲመሽ የገባውን ሁሉ ነው የሚያባርሩት፣ ነጩንም ጭምር። ሰረዝናቸው። 14ን ግን ለመሰረዝ ብንፈልግም አልቻልንም። ነጭ ሲገባላቸው ቁርሳቸውን ጨርሰው ያመሰግናሉ።

በ3 ወር 11 ገጽ ሞላን። ሕጉንም እሷ ናት ያስተማረችኝ። በፈረንጆቹ 1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪ በዘር ለይቶ እንዳይመድብ ይከለክላል። ኢንዲያና ውስጥ ደግሞ ነርሲንግ ሆም ትሠራ የነበረች ጥቁር ሲኤንኤ ልክ እንደ እኛ ያለ የምድብ ወረቀት ደርሷት ከስሳ ነበር። ቺካጎ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2010 «ነዋሪዎቹ ናቸው እንዲህ የሚፈልጉት» ማለት ለአሠሪው ምክንያት አይሆነውም ብሏል። ደብተሩን ይዘን 6 ሆነን ቢሮ ገባን። ሁለቱ ነጮች ነበሩ። በሳምንቱ ማስታወሻው ከወረቀቱ ጠፋ። ይቅርታ ያለን የለም። ክፍል 14 ተመልሼ ገባሁ፤ ሴትዮዋ ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ እኔ ቁርሳቸውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ለአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የነገርኩት ስለ ሙሉጌታ ሥራው ነው። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ ኖቬምበር 1988። ለትምህርት የመጣ የ28 ዓመት ልጅ። ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ጥቁር መሆኑ በቃቸው። ቤተሰቡ ከጀርባ ሆነው የቀሰቀሷቸውን ጭምር ከስሶ በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ አስፈረደ። «ሐበሻ ነኝ» ማለት እዚህ ጋሻ አይሆንህም አልኩት።

አንተ የደረሰህ ዲቪም ከሰማይ አልወረደም አልኩት። አሜሪካ ለአውሮፓውያን ያደላውን የኮታ ሕግ የለወጠችው በ1965 ነው፤ ራቃቸው የምትባለው ሰዎች ውሻ እየተለቀቀባቸው፣ እየታሰሩ ለመብታቸው በታገሉበት በዚያው ዘመን። ያለ እነሱ ትግል በሩ ይከፈትልን ነበር ብዬ አላምንም። ስለዚህ ስትመጣ ማንም ስለማንም የነገረህን ይዘህ አትምጣ። «ስንቱን አውቀህ ነው?» በል። ሲበድሉህም ጻፍ። ብቻህን ደግሞ ቢሮ አትግባ።

«እሺ፣ ግን እኛ አገር'ኮ ዘረኝነት አናውቅም፤ ለዚህ ነው ግራ የሚገባን» አለኝ።

ሰፈራችን ውስጥ አብሮት ኳስ ይጫወት የነበረውን የጋምቤላ ልጅ ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ጠየቅሁት። ዝም አለ። «በፍቅር ነበር'ኮ» አለ ቆይቶ። ስሙስ ማን ነበር አልኩት። ለረጅም ጊዜ አሰበ። አላስታወሰውም። እኔም አላውቀውም ነበር።

ትናንት ማታ በቴሌግራም አንድ ቃል ብቻ ላከልኝ። እናቱን ጠይቆ ያገኘው የልጁ ስም ነው።