ቱርቡለንትን የሠራሁበት መንገድ፣ እና ስለ ስፓሩ እንጨት ማንም ያልነገረኝ

ይህን የምጽፈው አውሮፕላን በገዛ እጄ መሥራት ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ብስጭት ይቀርልኝ ስለነበር ነው። የነገረኝ ሰው የለም። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ።

አውሮፕላኗ ድሩዊን ዲ.31 ቱርቡለንት ትባላለች። ከእንጨት የምትሠራ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መቀመጫዋ ለነፋስ ክፍት የሆነ ትንሽ አውሮፕላን ናት። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ናት። የነደፋት ሮዤ ድሩዊን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የመጀመሪያ አውሮፕላኑን የሠራው ገና በ17 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሞት አርባ እንኳን አልሞላውም። ከአብራሪዎች ውጭ ስሙን የሚያውቀው ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል። ሰውየው እኮ ያሰበው ለሀብታም አልነበረም። ፕላኑን ገዝቶ በጓሮው ወይም በጋራዡ በገዛ እጁ ሊሠራ ለሚፈልግ ተራ ሰው ነው የነደፈው። ሞተሯም ሁላችንም የምናውቀው የቮልስ ሞተር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከሩቅ ሲሰማት ድምፁን ይለየዋል።

እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። እዚህ ቱርቡለንት እንግዳ አይደለችም። ክሮይደን ውስጥ የነበረው ሮላሰን የሚባል ድርጅት እየሠራ ይሸጣት ነበር። ታይገር ክለብ የተባለው የአብራሪዎች ክበብ በእሷ የአየር ትርኢት ያሳይ ነበር። ልዑል ፊሊፕም እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻቸውን አብርረዋታል።

ወዳጆቼ ግን «አውሮፕላን የፋብሪካ ሥራ ነው፣ አንተ ምን አገባህ?» ይሉኝ ነበር። «ጸሐይ»ን አስታውሳቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እዚያው አዲስ አበባ የሠራት አውሮፕላን ናት። ጣሊያን ወስዷት ቆይታ በ2024 አገሯ ተመለሰች። ከዘጠና ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ የተቻለ ነገር ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ለምን አይቻልም?

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ፕላኑን ገዛሁ፣ ሥራውን አስመዘገብኩ፣ እየተከታተለ የሚፈርም መርማሪ አገኘሁ። የክንፉን አጥንቶች አንድ ቅርጽ ማውጫ ላይ እያስያዝኩ አንድ በአንድ ሠራኋቸው፤ ያሰለቻል እንጂ አይከብድም። የቀፎው፣ ማለትም የአውሮፕላኗ ገላ፣ ጎኖች ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ይሠሩና ቀና ተደርገው ይያያዛሉ። ኮምፔንሳቶው ስስ ስለሆነ ስትቆርጡት ተጠንቀቁ። ጨርቅ ማልበሱ ከሁሉም ያስደስታል። የቮልሱን ሞተር የሚያዘጋጁ ሰዎች ሞልተዋል፤ ራሴ ካልፈታታሁት ብላችሁ አትድከሙ።

አሁን ወደ ስፓሩ ልምጣ። ስፓር በክንፉ ውስጥ ተዘርግቶ ሸክሙን የሚይዘው ረጅም እንጨት ነው። አየር ላይ ስትሆኑ እናንተንም ሞተሩንም ያንጠለጠለው እሱ ነው። ክንፉ በሸክም ወደ ላይ ሲለመጥ የስፓሩ የላይኛው ወገን ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል። ሌላው ነገር ቢበላሽ መሬት ላይ ይጠገናል። ስፓር አየር ላይ ቢሰበር ግን አለቀ።

የሚሠራበት እንጨት ስፕሩስ ነው፤ ከጥድ ወገን የሆነ፣ ቀላል፣ ለክብደቱ ግን እጅግ ጠንካራ። ለአውሮፕላን የሚሆነው እንደ ልብ አይገኝም። የእንጨቱ ክር ቀጥ ማለት አለበት፤ በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከዘመመ አይሆንም። እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። የሸጠልኝ ነጋዴም «ለአውሮፕላን የተመረጠ ነው» ብሎ ማህተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። የጠየቀኝ ዋጋ ከተራ ጣውላ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከፈልኩ።

ከዚያ መርማሪውን ጠራሁ። «እባክዎ፣ ኮላ ሳላስነካቸው ጣውላዎቹን ይዩልኝ» አልኳቸው። መጡ። ወረቀቱን አነበቡ። በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጣውላው ጫፍ ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳከሩ። ፈረሙ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ። ጣውላዎቹን ከመደርደሪያው እንኳን አላወረዷቸውም። «አንዱን እናገላብጠው?» ስላቸው «ወረቀቱ አለ አይደል!» ነበር መልሳቸው። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

ክረምቱን ስፓሩን ሳጣብቅ ከረምኩ። የተጠቀምኩት ሪዞርሲኖል የሚባለውን ቡናማ ኮላ ነው። ሙቀት ይፈልጋል፤ ጋራዡን ማሞቅ ለብቻው ወጪ ነበር። አዲስ አበባ ሳሉ በዋንዛና በጽድ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አናጺ እዚሁ ሰፈር አሉ፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሞርሳ በማጥበቅ ያገዙኝ እሳቸው ናቸው። ስፓሩ ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር። ቀጥ ያለ፣ መገጣጠሚያው ክፍተት የሌለው። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነበር።

በመሃል የመጀመሪያው መርማሪ ሥራ አቆሙ። በእሳቸው ቦታ አንዲት ወጣት መርማሪ መጣች። ከሰላምታ በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የጋራዡን መብራት ማጥፋት ነበር። ከዚያ ባትሪዋን አብርታ ከእንጨቱ ጋር አጋድማ ያዘችው፤ ብርሃኑ ከጎን እንዲጠርገው ማለት ነው። ከአንዱ ጫፍ ጀምራ ቀስ እያለች ሄደች። የታችኛው ጣውላ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄ ይታይሃል?» አለችኝ።

ክሩን አቋርጦ የሚያልፍ በጣም ቀጭን መስመር ነበር። መብራቱ ሲበራ ጨርሶ ይጠፋል። ባትሪው ተጋድሞ ሲያዝ ብቻ ጥላ ይጥላል።

የመጀመሪያው መርማሪ ስልክ ሲደወልላቸው «የመጋዝ ጭረት ነው» አሉ። እሷ «አይደለም» አለች። በሁለቱ መካከል ደብዳቤ ተመላለሰ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ነበር፤ ሥራው ቆሟል፣ የጋራዡ ኪራይ ይቆጥራል። ለሚመለከተው ቢሮ ጻፍኩ። መልሱ አጭር ነበር፤ የእንጨቱ ኃላፊነት የሠሪው ነው ይላል። ታዲያ ፊርማው ለምን ነበር? ሠሪው ብቻ ኃላፊ ከሆነ፣ ለፊርማው ገንዘብና ጊዜ የማወጣው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ። መልስ አላገኘሁም።

ነገሩን የቆረጠው እንጨቱ ራሱ ነው። ከዚያው ጣውላ የተረፈውን ቁራጭ አስቀምጬ ነበር። ባትሪውን ስናጋድም እሱም ላይ ተመሳሳይ መስመር ተገኘ። ጋሼ ባሉበት ሞርሳ ላይ አስረን ሰበርነው። ጤነኛ ስፕሩስ ሲሰበር ይጮሃል፤ ረጃጅም ስንጥር ያወጣል፤ በቀላሉ አይለያይም። ያኛው ግን ቀጭ ብሎ እንደ ካሮት ተቀነጠሰ። ስባሪው አጭርና ልሙጥ ነበር። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና «ልጄ፣ ይሄ ዛፍ ቆሞ ሳለ ነው ወገቡ የተቀጨው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ኃይለኛ ነፋስ ዛፉን ሲያጎብጠው፣ ወይም ሲቆረጥ ግንዱ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ሲወድቅ፣ በተጨመቀው ወገን ያሉት ክሮች ተጨማደው ይታጠፋሉ። ዛፉ አይሞትም፤ ማደጉን ይቀጥላል። ጉዳቱ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለ እንጨት ሲወጠር የሚይዘው ሸክም በእጅጉ ያነሰ ነው። የእኔ ደግሞ የሚወጠረው ወገን ላይ ነበር። መስመሩን አላየነውም ነበር እንበል። እዚያ ላይ ተቀምጬ እበር ነበር።

ነጋዴው ምን አለ? «ወረቀታችን ስለ እርጥበትና ስለ ክር አቅጣጫ ነው የሚያወራው፤ ስለ መስመር አይልም።» ደግሞ «ከተጣበቀ በኋላ አንመልስም» ብሎ ጨመረ። እሺ፣ ሳይጣበቅ ማን አየልኝ?

ስፓሩን እንደገና ሠራሁት። አሁን የምናገረው ከዚያ ያገኘሁትን ነው፤ አንዳንዱ ከሚታተሙት መመሪያዎች ጋር አይስማማም።

መመሪያው «በትንሹ ጀምሩ፣ የጭራውን መሪ ሥሩ፣ እጃችሁ ይለማመድ» ይላል። እኔ አልስማማም። እጃችሁን በተራ ጣውላ አለማምዱ። የአውሮፕላኑ የመጀመሪያ ሥራ የስፓሩን እንጨት ማግኘትና መመርመር ይሁን። ጥሩ እንጨት ካላገኛችሁ ሌላውን መጀመር ትርፉ ድካም ነው። ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ግዙ፤ ከእያንዳንዱ ጣውላ ጫፍ ቁራጭ አስቀሩና ስበሩት። ወረቀት ስለ ሻጩ ይናገራል እንጂ ስለ እንጨቱ አይናገርም። መብራት አጥፍታችሁ ባትሪ አጋድሙ፤ አራቱንም ጎን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከዚያ ዕድሜውን በእንጨት የፈጀ ሰው ጥሩ። አውሮፕላን አይቶ አያውቅም ብላችሁ አትናቁት። ጋሼ የመጀመሪያዎቹን ጣውላዎች ጥሬ ሳሉ ቢያዩልኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለሁለተኛው ስፓር ከተገዙት ጣውላዎች አንዱን ገና ሲያነሱት «ይሄን መልሰው» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

መርማሪ ሲመጣም አታፍሩ። ጣውላዎቹን አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ጠብቁት። ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ስጡት። እንጨቱን ሳያይ ሊፈርም ከሆነ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። በኮላም በኩል ምርጫ አለ። ጋራዣችሁ ቀዝቃዛ ከሆነና መገጣጠሚያችሁ ገና ጥርት ካላለ፣ ትንሽ ክፍተት የሚታገሠውን ኢፖክሲ ተጠቀሙ። እኔ ግን ለስፓር አሁንም ሪዞርሲኖልን ነው የማምነው።

የመጀመሪያውን በረራ ልምድ ያለው አብራሪ አበረረልኝ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ሣር ከለበሰው ሜዳ ስትነሳ ቀላል ናት፤ እጃችሁን ትሰማለች። ድሩዊን በክንፎቿ ጫፍ በኩል፣ ፊት ለፊት፣ አየር የሚያልፍባቸው ክፍተቶች አበጅቶላታል። ፍጥነቷ ሲቀንስ ክንፏ በድንገት ወደ ጎን እንዳይወድቅ ይረዳሉ። ከፍ ብዬ ፍጥነቷን እየቀነስኩ ሞከርኳት። ተንቀጠቀጠች፣ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፣ በቃ። ያ ሰው በሕይወት ቢኖር እጁን ስሜ አመሰግነው ነበር።

ነጋዴው ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ የጣውላውን ግማሽ ዋጋ መልሷል። የኮላውን፣ የማሞቂያውንና የኪራዩን ማንም አልከፈለኝም። የተጣለውን ስፓር ሁለት ላይ ቆርጬ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከእንጨት አውሮፕላን ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት ኑና መስመሩን ላሳያችሁ። ባትሪ አለኝ።