ካርዱ እያለ ሥራው በፕሮሰሰሩ ላይ ሲወድቅ

ዛሬ የዋልኩት የንድፍ ባለሙያዎቻችን ከርቀት በሚሠሩበት ቨርቹዋል ሰርቨር (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር በተፈጠረ ሰርቨር) ላይ ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ ባለው ዘዴ የግራፊክስ ካርዱን በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽኑ ሰጥቼና ድራይቨሩን ጭኜ ስጨርስ ሁሉም የተስተካከለ መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም 3ዲ ሞዴል በተከፈተ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር። (አንድን ካርድ ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ያጋራ የነበረው የቀድሞው ዘዴ፣ ሪሞት ኤፍኤክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በደኅንነት ችግር ስለተዘጋ ወደ እርሱ መመለስ አይታሰብም።) ምክንያቱን ያገኘሁት ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ የርቀት ዴስክቶፕ ሰርቨር በግሩፕ ፖሊሲ (አስተዳዳሪው በሚያወጣው የዊንዶውስ ቅንብር) ካልታዘዘ በቀር የተጠቃሚዎቹን ምስል የሚያዘጋጀው በሶፍትዌር፣ ማለትም በካርዱ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ፣ ነው። ሁሉም ሴሽኖች (የተጠቃሚዎቹ የርቀት ግንኙነቶች) የሃርድዌር ግራፊክስ እንዲጠቀሙ የሚያዘውን ፖሊሲ እንዲሠራ አድርጌ ሰርቨሩን ዳግም ሳስነሳው ሞዴሉ ሳይንቀራፈፍ ዞረ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለነገ የቀረኝ የርቀት ምስሉ በሴኮንድ 30 ፍሬም ላይ የሚቆምበትን ገደብ በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ከፍ ማድረግ ነው።