የቮልሷን ማርሚታ እንዴት ፈታሁት

የጅማ ዝናብ ለብረት ምሕረት የለውም። የእኔ ቮልስ 1300 ደግሞ እጄ ከመግባቷ በፊት ለዓመታት አቮካዶ ዛፍ ሥር ተገትራ የከረመች ናት። ቆርቆሮዋ ደህና ነው፣ ሞተሯም ይነሳል። ማርሚታዋ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ግን ተበልቶ አልቋል። ጠዋት ስትነሳ የቆጪን ሰፈር ሰው ከእንቅልፉ ትቀሰቅሳለች። ጎረቤት ማኩረፍ ሲጀምር አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ደህና ማርሚታ በሰው አስመጣሁ። ቀረኝ ያልኩት አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ማሰር ብቻ ነበር። ማሰሩስ ቀላል ነው።

ቮልስ ሁለት ቴስታታ (የሞተር ራስ) አላት። ጭሱ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጥርሳም ዘንግ ላይ በሚጠብቁ ሁለት ዳዶዎች ይታሰራሉ። በጠቅላላው ስምንት ዳዶ ማለት ነው። ዳዶው ብረት ነው፤ የሚታሰርበት ጥርሳም ዘንግም ብረት ነው። ዘንጉ የተተከለበት ቴስታታ ግን አልሙኒየም ነው። ዘንጉ ከሥሩ ከተበጠሰ ሥራው ከግቢ ወጥቶ ብረት ቀራጭ ጋ፣ ቶርኖ ቤት፣ ይገባል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉልበቴን ቆጥቤ ነው የገባሁት።

ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በዳዶውና በዘንጉ ጥርስ መካከል ያብጥና ሁለቱን ያጣብቃል። ያኔ ዳዶውን የያዘው ድሮ ያጠበቀው ሰው አይደለም፣ ያበጠው ዝገት ነው። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክታችሁ ብትጫኑ መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ባለ 8 ሚሊው ዘንግ ነው። ዝገቱ መጀመሪያ መሰንጠቅ አለበት።

የተነሳሁት ከብረት ብሩሽ ነው። ላዩ ላይ ያለው ቅርፊት ሳይነሳ ዘይት ማፍሰስ ዘይት ማባከን ነው። ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን የሚረጭ ዘይት ሁሉም ሰው ይመክራል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሠራ የታሰበው ውሃን ከብረት ላይ ለማባረርና ዝገትን ለመከላከል ነበር። ለቀላል ዝገት ይሆናል። እኔ የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ደባልቄ ተጠቀምኩ። ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ ከመንካታችሁ በፊት ሁሌም በጥብጡት። አሴቶኑን ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ፣ አሴቶን የሌለበትም ስላለ ጠርሙሱን አንብቡ። ማታ ማታ ጠብ ጠብ አደርግለትና በትንሽ መዶሻ የዘንጉን ጫፍና የዳዶውን ጎኖች ቀስ እያልኩ እመታለሁ። ምቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፣ ዘይቱ በስንጥቁ ይገባል።

ቁልፉም የራሱ ጣጣ አለው። አሥራ ሁለት ጎን ያለው ቁልፍ የዛገ ዳዶ ጠርዝ ላይ ይንሸራተታል፤ ስድስት ጎን ያለውን ፈልጉ። የእኔ ዳዶዎች ከመበላታቸው የተነሳ የ13 ቁልፍ ይላላባቸው ነበር። የግማሽ ኢንች ቁልፍ 12.7 ሚሊ ነው፤ በመዶሻ መትቼ ሳስገባው ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ከዚያ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው። ሰው ሲያይ ይስቃል፤ ግን ትንሽ፣ የፀጉር ያህል ወደ ማጥበቂያው ስትገፉት ዝገቱ ይሰበራል። ቀጥሎ ወደ መፍቻው፣ እንደገና ትንሽ መልሱት፣ እንደገና ፍቱት። ሁሉም ነገር እጅ ላይ ነው። ደህና የሚፈታ ዳዶ «ጧ» ብሎ ደረቅ ድምፅ ያሰማል። ሊበጠስ ያለ ዘንግ ግን ድምፅ የለውም። ቁልፉ የሚዞር ይመስላል፣ ነገር ግን እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ያን ጊዜ ቁልፉን አስቀምጡና ቡና ጠጡ። ቡና የማይጠፋበት አገር ነው ያለነው።

ከፊሎቹ በዚህ ወጡ። እንቢ ላሉት መፍትሔ ያመጡልኝ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ዘይቱን ተውና ሰፈፍ አምጣ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይቃጠላል እኮ» አልኳቸው።

«እሳቱ ላይ ማን ጨምር አለህ? እሳቱን አንሳና ነዋ!»

ሰፈፍ፣ የንብ ሰም ማለት ነው፣ ጅማ ውስጥ ከማር ሻጭም ከጠጅ ቤትም አይጠፋም። ዳዶውን ብቻ በትንሽ የጋዝ ነበልባል ቶሎ ታሞቁታላችሁ። ዳዶው ሰፋ ሲል ዘንጉ ገና ስላልሞቀ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ረጅም ጊዜ ካሞቃችሁት ግን ዘንጉም አብሮ ይሰፋና ልፋታችሁ ከንቱ ነው። እሳቱን አንስታችሁ ሰፈፉን ጥርሱ ላይ ስታስነኩት ይቀልጥና ወደ ውስጥ ይሰረጋል። ጋሼ አጠገቤ ቆመው «አሁን፣ አሁን!» እያሉ እኔ ቁልፉን አዞርኩ። ዳዶው እየጨሰ መጣ።

እሳት ከመለኮሳችሁ በፊት ግን የቤንዚኑን ቱቦ ፈትታችሁ አፉን ዝጉ፤ አሴቶኑም ይድረቅ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ ገመዱን ንቀሉ። አሸዋ በባልዲ አቅርቡ። ነበልባሉን ወደ ሞተሩ አካል እንዳታዞሩት። ማግኒዚየም የበዛበት ነው፤ ማግኒዚየም ከተያያዘ ደግሞ ውሃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ክሪክ ብቻ ከያዘው መኪና ሥር አለመግባትን የነገራችሁ ሰው ይኖራል፤ እኔ በግንድ ጉማጅ ደገፍኳት።

አንዱ ዘንግ ይህ ሁሉ ተደርጎለትም ተበጠሰ። ደግነቱ ጥቂት ጉቶ ትቷል። በያጅ ጠርቼ ጉቶው ላይ አዲስ ዳዶ አስቀምጦ በቀዳዳው በኩል በየደው። የብየዳው ሙቀት ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ የዘንጉን ሥር ይለቀዋል። ቅላቱ ሲጠፋ፣ ሙቀቱ ሳይወጣ፣ ቀስ ብለን ወዲያና ወዲህ እያልን አወጣነው። የቴስታታው ጥርስ አልተነካም።

ሲገጠም ጥርሶቹን ሁሉ የመዳብ ቅባት ቀባኋቸው። የነሐስ ዳዶ ቢገኝ ይሻላል፣ ከብረት ዘንግ ጋር በዝገት አይጣበቅም፤ ጅማ ፈልጌ አጣሁና አዲስ የብረት ዳዶ አደረግሁ። በመካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ አዲስ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ ትንሽ ስለሚላሉ እንደገና አጠበቅኋቸው። አሁን የቀረኝ ካርቡራተሩ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ያስላታል።