ከአር ወደ ዎርድ፦ «ሐይቅ» ሦስት ረድፍ እንዳይሆን

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ አር (R) የተባለውን የመረጃ መተንተኛ የኮድ ቋንቋ ለምትማሩ ሁሉ፣ ሰንጠረዥን ከአር ወደ ዎርድ የማውጣቱ ሥራ እስካሁን የደረሰበት ይህ ነው። ኮፒ ፔስት ቀርቷል፤ ኮዱን አንዴ ራን ስታደርጉ ሰንጠረዡም ግራፉም የገባበት የዎርድ ሰነድ ይወጣል። መረጃው ላይ አንድ ቁጥር ቢታረም እንደገና ራን ማድረግ ነው።

አካሄዱ አጭር ነው። ኦፊሰር (officer) እና ፍሌክስቴብል (flextable) የተባሉ ሁለት ፓኬጆች፣ ማለትም የተጨማሪ ትእዛዞች ጥቅሎች፣ ያስፈልጋሉ። ከኦፊሰር ሪድ-ዶክስ (read_docx) ሰነድ ይከፍታል፣ ፍሌክስቴብል ሰንጠረዡን ያበጃል፣ ቦዲ-አድ-ፍሌክስቴብል (body_add_flextable) ሰንጠረዡን፣ ቦዲ-አድ-ጂጂ (body_add_gg) ግራፉን ያስገባሉ፣ ፕሪንት (print) ያስቀምጣል። ፋይሉ በዎርድ ተከፍቶ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ አይቀመጥም፤ ዘግታችሁ ድገሙት።

ዋናው ድካም ከዚያ በፊት ነው። የደቡብ ወሎን መረጃ ስትቀበሉ አንዱ መዝጋቢ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሌላው «ሃይቅ» ብሎ ይልካል። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፣ ለአር ሦስት። ሰንጠረዡ ሦስት ረድፍ ያወጣል፣ መቶኛው ይበታተናል፣ የስህተት መልእክት ግን አይመጣም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው አንድ መለያ አምድ መጨመር ነው፦ ፊደልን በፊደል በሚተካው በቻርቲአር (chartr) ትእዛዝ ሐን፣ ሃን፣ ኀን ወደ ሀ፤ ሠን ወደ ሰ፤ ዐን ወደ አ፤ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፣ የቀሩትንም ቤቶች እንዲሁ። የሚቀየሩትና የሚተኩት ፊደላት ቁጥራቸው እኩል ይሁን። ክፍተትንም አጥፉ፣ «ወረ ኢሉ» እና «ወረኢሉ» እንዲገናኙ። መደመሩ በዚህ አምድ ይሂድ፤ ሰንጠረዡ ላይ የሚታተመው ግን ትክክለኛው አጻጻፍ ይሁን።

ወራትም እንደዚያው ናቸው። አር ካልነገሩት በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ያለውን ተራ በፋክተር (factor) ትእዛዝ ንገሩት።

ፎንት ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉት የፍሌክስቴብል የፎንት ትእዛዝ በራሱ የሚነካው የሰንጠረዡን አካል ብቻ ስለሆነ ነው። ፓርት (part) በሚለው ቦታ ኦል ("all") ካልጻፋችሁ የአምዶቹ ርዕስ በሌላ ፎንት ይቀራል። ኒያላ (Nyala) የተባለው የግዕዝ ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ ለብቻው ካልተጫነ ላይኖር ይችላል፤ ኤብሪማ (Ebrima) የተባለው ግን አብሮ ስለሚመጣ ለሌላ ሰው ለሚላክ ሰነድ እሱ ይሻላል። ግራፍ በተለመደው ፒዲኤፍ ትእዛዝ ከወጣ የግዕዙ ፊደል ነጥብ ነጥብ ይሆናል፤ ካይሮ-ፒዲኤፍ (cairo_pdf) የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ።

ልኩን በተመለከተ፣ ኤ4 ወረቀት ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ግራና ቀኝ 2.54 ሲነሳለት 15.92 ይቀራል፣ 6.27 ኢንች ማለት ነው። ስለዚህ የግራፉን ስፋት 6.2 ኢንች አድርጉ። በ30 ሴንቲ ሜትር ሠርቶ ዎርድ ውስጥ ወደ 16 ማጥበብ 11 ነጥብ የነበረውን ጽሑፍ ወደ 6 ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ «ቡ» እና «ቢ» አይለዩም። ሰንጠረዥ ከገጹ ካለፈ ፊት-ቱ-ዊድዝ (fit_to_width) የሚለው የፍሌክስቴብል ትእዛዝ ፊደሉን እያሳነሰ ያስገባዋል፤ አምዶቹ ብዙ ከሆኑ ግን ፊደሉን ከማሳነስ ገጹን ማጋደም ይሻላል።

የሰንጠረዥ ተራ ቁጥሮች ሰነዱ ሲከፈት ካልታዩ ኮዱን አትጠራጠሩ። ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ሁሉንም ምረጡ፣ ቀጥሎ ኤፍ 9 ን ተጫኑ፤ ቁጥሮቹ ይታደሳሉ።